«ጃጁ» የተባሉት አባት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ ስለሚፈስ ደም። ሰው ሁሉ አንድ በሽታ አድርጎ ነው የሚጽፍልኝ። እኛ ጭንቅላት የምንከፍት ሰዎች ግን ተረኛው ሐኪም ሌሊት ደውሎ «ደም አለ» ሲለን መጀመሪያ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የት ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? መልሱ አንዱን ታካሚ በሌሊት ያስሮጠኛል። ሌላውን እስኪነጋ ያስጠብቀኛል። ሦስተኛውን ጭራሽ እንዳልነካው ያደርገኛል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ መልስ ወስዶብኛል። ሌሎቹ ያጠሩት በእሱ ምክንያት ነው፤ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ከጥምቀት በፊት በጓዳው በር ሲገቡ መቃኑ ግንባራቸውን መታቸው። ትንሽ አበጠ፣ ቅቤ ቀባንላቸው፣ ተረሳ። አሁን ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ «ራሴን» ይላሉ። ሽንት ቤት ሄደው መመለሻው ይጠፋቸዋል። ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ የግራ ጫማቸው ሳያውቁት ወልቆ ይቀራል። ጎረቤት ሁሉ «ጃጁ» አለ። እኔ አላምን ብዬ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። ሲቲ ስካን ተነሡ። ደም አለ፣ ጭንቅላታቸው መበሳት አለበት አሉን። ወንድሞቼ «በዚህ ዕድሜ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ሰው የሆነ የለም፣ ጠበል እንውሰዳቸው» እያሉ ነው። ደግሞ ለልባቸው ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈርሚ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በጻፍሽው ስልክ ደውዬ ይህንኑ ነግሬሻለሁ። መጽሔት እስኪወጣ የሚቆይ ነገር አይደለምና። እዚህ የምጽፈው ለወንድሞችሽ ነው። አባታቸውን «ጃጅቷል» ብለው ጥግ ላስቀመጡ ሌሎች ቤቶችም ጭምር።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ዋናውን ነገር የነገረኝ ጫማው ነው። በዕድሜ የሚረሳ ሰው አለ። ግን እርጅና አንድ እግር መርጦ ጫማ አያወልቅም። እርጅና በሦስት ሳምንትም አይመጣም። ባለፈው ወር ሒሳብ ይሠራ የነበረ ሰው ዛሬ ሽንት ቤቱ ከጠፋበት፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎል በዕድሜ ይኮማተራል፤ ራስ ቅሉ ግን ያው ነው። መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ከአንጎል ገጽ ተነሥተው ወደ ላይኛው ሽፋን የሚሻገሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። አንጎሉ ሲያንስ እነሱ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወጠራሉ። ከዚያ በኋላ መቃን ይበቃቸዋል። ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ መናጥም ይበቃቸዋል። መጀመሪያ የሚያንጠባጥበው ጥቂት ነው። ሰውየው ቡናውን ይጠጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመለሳል። ሰውነት ግን በዚያ ደም ዙሪያ ስስ ሽፋን ይሠራበታል። ሽፋኑ ላይ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። እነዚህ አዲሶቹ ልፍስፍስ ናቸው፤ እነሱም በተራቸው ያንጠባጥባሉ። እንዲህ እያለ በሳምንታት ውስጥ ይሞላና አንጎሉን ወደ ጎን መግፋት ይጀምራል። እስከዚያ ምቱ ተረስቷል። አብዛኞቹ ሲመጡ «መታኝ» አይሉም። እኔ ነኝ «ካለፈው ወር፣ ካለፈው በዓል ወዲህ ወድቀው ነበር?» እያልኩ የማደርቃቸው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። የሕክምና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለገና ቤት ስሄድ ጋቢ ተከናንበው ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስሜን አልያዙትም። ብርጭቆ ሲሰጧቸው ከእጃቸው ሾልኮ ይወድቃል። «ጃጁ እኮ» አሉኝ። እኔም ጃጁ አልኩ። ለፋሲካ ስመለስ ተቀብረው ነበር። ደም ይሁን ሌላ፣ አላውቅም፤ ሲቲ ስካን የተነሡ ሰው አይደሉም። ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከበቅሎ መውደቃቸውን የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ስለ በቅሎዋ ስታወራ።

አሁን ወደ መበሳቱ። ወንድሞችሽ የሚታያቸው እንደ ቅል ለሁለት የተከፈለ ጭንቅላት ይመስለኛል። አይደለም። ፀጉራቸው በዚያ በኩል ይላጫል። ሙሉ ሰመመን ሊሰጣቸው ይችላል፤ ልብና ሳንባቸው የማይችል ከሆነ ቦታውን ብቻ አደንዝዘን እያወራን እንሠራለን። ሁለት ቦታ ላይ ቆዳው ትንሽ ትንሽ ይሰነጠቃል። ከዚያ መሰርሰሪያው ይመጣል። እኔ ብዙ ጊዜ የምጠቀመው በእጅ የሚዞረውን ነው፤ አናጺ ቢያየው ይስቃል። ማሽን የሌለበት ቦታ ሁሉ ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። ነቅተው ያሉት አያማቸውም፤ ድምፁ ግን ይሰማቸዋል። «ልጄ፣ ወፍጮ ቤት አስገባኸኝ እኮ» ያሉኝ አሉ።

የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀዳዳ ትወጣለች። ከሥሯ የአንጎሉ ጠንካራ ሽፋን ይታያል። ጤነኛ ሲሆን ነጣ ያለ ነው፤ ያረጀ ደም ከኋላው ሲኖር ጠቁሮ ሰማያዊ ይመስላል። በመስቀለኛ እንሰነጥቀዋለን። የሚወጣው ቀይ ደም አይደለም። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ዘይት ሲቀየር አይተሽ ታውቂያለሽ? የተቃጠለ ዘይት ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ታምቆ ስለቆየ ፊጭ ይላል፤ ጫማዬ ላይ የደረሰበት ቀን አለ። ከዚያ ለብ ባለ የጨው ውሃ (ኖርማል ሳላይን) ማጠብ ነው። እናጥባለን፣ ደግመን እናጥባለን፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ገና ጠረጴዛው ላይ ሳሉ ግራ እጃቸውን አንሥተው አፍንጫቸውን አከኩ። ነርሷ «አባባ፣ እጅዎን አያንሡ ብዬ!» ብላ ተቆጣቻቸው። ያ እጅ ጠዋት ከአልጋ ላይ አይነሣም ነበር።

ሲያልቅ ቀጭን ቱቦ ይተዋል፤ ጫፉ ከረጢት ላይ ነው። ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። እንግሊዝ ካምብሪጅ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ቱቦ ከተተወላቸው 100 ሰዎች ደሙ ተመልሶ እንደገና የተሠሩት 9 ያህል ናቸው። ካልተተወላቸው 24። ስለዚህ ቱቦውን ማንም እንዳይነካው። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ከረጢቱን አንሥቶ ትራስ አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ አዝኖ ነው፣ ግን ተመልሶ ይፈስሳል። አስታማሚ የሚባለው ሰው ዋና ሥራው ይህን መጠበቅ ነው።

አደጋ የለውም አልልም። ደሙ ሊመለስ፣ ትኩስ ደም ሊፈስ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ የሚጥል ሕመም ሊነሣ ይችላል። በእሳቸው ዕድሜ ተኝቶ መክረም ራሱ የሳንባ ምች ያመጣል። ሕይወታቸው የሚያልፍም አሉ። ግን በዚህ ሥራ ስኖር ይህን ያህል ትንሽ ነክቼ ይህን ያህል የምመልስበት ሌላ ቀዶ ጥገና አላገኘሁም።

ደም ማቅጠኛውን በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትቀጥሉ። ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ። «ነጯ ክብ ኪኒን» ለእኛ ምንም ማለት አይደለም። ዋርፋሪን ከሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት ኃይሉን የሚያጠፋ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ቫይታሚን ኬ፣ ይሰጣቸዋል። መቼ እንደገና እንደሚጀመር የልብ ሐኪማቸውና የቀዶ ሐኪማቸው ተነጋግረው ይወስኑ።

ወንድምሽ በስልክ «ደሙን የሚያደርቅ ኪኒን አለ ይባላል» ብሎኝ ነበር። ዴክሳሜታዞን ማለቱ ነው። እኛም ስንት ዓመት ሰጥተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከ700 በላይ ሰዎች ላይ ሞክሮት ነበር። ኪኒኑን የወሰዱት ከስድስት ወር በኋላ ካልወሰዱት ያነሰ ውጤት ነበራቸው። እኔ ትቼዋለሁ። ሌላ አዲስ ነገርም አለ። ሽፋኑን የሚመግበውን የደም ሥር ከውስጥ በቱቦ ገብቶ መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡ ጥናቶች ደሙ መመለሱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ለአባትሽ ግን ዛሬ የሚያስፈልጋቸው ቀዳዳው ነው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እኔም እሄዳለሁ። ግን ሚዛኑን መጠበቅ ያቃተው የ76 ዓመት ሰው እርጥብ ድንጋይ ላይ አቁመው ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱበት ይታያችሁ። መጀመሪያ ይሠራላቸው። ስፌቱ ይወጣ፣ ቁስሉ ይድረቅ። ከዚያ አብራችኋቸው ሂዱ፤ በእግራቸው ይሄዳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ9 ዓመት ልጄ ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ላይ ወደቀ። ለትንሽ ጊዜ ራሱን ሳተና ነቃ። ራት በላ፣ ከእህቱ ጋር ተጣላ፣ እንደ ወትሮው። ከዚያ «ራሴን» ሲለኝ ተኛ አልኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲያስመልሰው ሰምቼ ገባሁ። ብጠራው አይመልስም፤ የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ነበር። ሮጥን፣ በዚያው ሌሊት ተሠራለት። ዛሬ ትምህርት ቤት ነው፣ ተመስገን። ሰው ግን «እንቅልፍ ባትፈቅጂለት ኖሮ» ይለኛል። ጥፋተኛ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም። ደሙን እንቅልፍ አላመጣውም። ደሙ ነው እንቅልፍ ያስመሰለው።

የልጅዎ ደም ከላይ ካነበቡት አባት ፍጹም ሌላ ነው። ከዓይንና ከጆሮ መሃል ያለው አጥንት ስስ ነው። ከውስጥ በኩል አንድ የደም ሥር ቦይ ቆፍሮ ያልፍበታል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ያ የደም ሥር ይቀደዳል። ይህ በኃይል የሚረጭ የደም ሥር ነው፤ ሳምንት አይጠብቅም፣ በሰዓት ይሞላል። በመሃል ግን ልጁ ነቅቶ የሚያወራበት ጊዜ አለ። ያ ነው ሰው የሚያታልለው። ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ በረዶ ላይ ስትንሸራተት ወድቃ ተነሣች። ደኅና ነኝ ብላ የመጣላትን አምቡላንስ መለሰች። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች። ዕድሜዋ 45 ነበር። እርስዎ ከእሷ በተሻለ ነቅተዋል።

ይህ ሲሆን ቀዳዳ አይበቃም። ደሙ ገና ትኩስ ነው፤ ረግቶ ጉበት መስሎ ይቀመጣል። በቱቦ አይወርድም። አጥንቱ እንደ መስኮት ይከፈታል፣ ጉበቱ ይወጣል፣ የተቀደደው የደም ሥር ይዘጋል፣ አጥንቱ ይመለሳል። አንጎሉ ራሱ ብዙ ጊዜ አልተጎዳም፤ ተጨፍልቆ ነው እንጂ። በጊዜ ከተነሣለት እንደ ልጅዎ ደብተሩን ይዞ ይመለሳል። ብሌኑ ከሰፋ በኋላ ግን በደቂቃ ነው የምንቆጥረው።

ለሌላ ጊዜ፦ ወድቆ ራሱን የሳተ ልጅ፣ ቢነቃም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ወደ ቤት ሂዱ ከተባለ ይተኛ፤ በጥፊ እየመታችሁ አታሳድሩት። በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሳችሁ ስሙን ጠይቁት፣ ሁለቱንም እጆቹን እንዲያነሣ አድርጉ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውሃ ወይም ደም ከወጣ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ እንዲነጋ አትጠብቁ። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ አስፕሪንና ዲክሎፌናክ ደም ስለሚያፈሱ አትስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አላስችል ብሎኝ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ይህን የሚማር ሰው ውጭ አገር ነበር የሚሄደው፤ ብዙውም እዚያው ይቀራል። ልጅዎ ከ20 ዓመት በፊት ከዚያው ማንጎ ላይ ቢወድቅ ኖሮ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ነበር። አባይን ሳይሻገር ያበቃ ነበር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፈው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ፣ 48 ዓመቱ፣ ሚኒባስ እየነዳ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ግፊት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ደኅና ነኝ ብሎ ኪኒኑን ትቶታል። ሲቲ ስካኑ አንጎሉ ውስጥ ጥልቅ ቦታ ላይ ደም ፈሷል ይላል። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም አሉ። ግራ ገባኝ። ደም ካለ ለምን አያወጡትም? ገንዘብ ስለሌለን ነው? እዚህ ቢሆን ይከፍቱት ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚያም ቢሆን የሚከፍቱት አይመስለኝም።

የቀደሙት ሁለቱ ደሞች ከአንጎል ውጭ ናቸው፤ በአንጎልና በራስ ቅል መሃል። የወንድምህ ግን አንጎሉ ውስጥ ነው። ግፊት ለዓመታት የቀጠቀጣቸው ትንንሽ የደም ሥሮች ይፈነዳሉ፤ የሚወዱትም ጥልቁን ቦታ ነው። እዚያ ለመድረስ ደኅነኛውን አንጎል ቆርጦ ማለፍ ያስፈልጋል። እጅና እግሩን የሚያዙት ገመዶች ደግሞ እዚያው ያልፋሉ። ደሙን አወጣሁ ብዬ የቀረውን ልወስድበት እችላለሁ።

ይህ የስንፍና ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ትልቅ ጥናት በ27 አገሮች 1,033 ሕሙማንን አይቷል። ግማሹ በጊዜ ተከፈተ፣ ግማሹ በመድኃኒት ታከመ። በጥቅሉ ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ እዚያው አንተ ያለህበት አገር የተሠራ ጥናት ወጣ፤ 300 ሰው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በቀጭን ቱቦ እየገቡ ደሙን መሳብ። ወደ አንጎሉ ገጽ ቀረብ ያለ ደም ያለባቸው ተጠቅመዋል። ጥልቅ ቦታ ላይ ላለው ጥቅሙ አልታየም።

የምሮጥበት ደም አለ። ከኋላ፣ ከማጅራት በላይ ባለው ትንሹ አንጎል ውስጥ ሲፈስና ከ3 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ አልጠብቅም። ቦታው ጠባብ ነው፣ አጠገቡ መተንፈሻን የሚያዝዘው ክፍል አለ። ሰውየው እያወራህ ይጠፋል። ደሙ የአንጎሉን ውሃ መንገድ ከዘጋም ቱቦ አስገብተን ውሃውን እናወጣለን። ወንድምህ እነዚህ ካሉበት ጠይቅ፤ ሐኪሙን «ትንሹ አንጎል ነው ወይ? ውሃ ቋጥሯል ወይ?» በለው። ማንም አይቆጣህም።

ገንዘብ ለውጥ አያመጣም አልልህም። ሲቲ ስካኑ መቼ እንደተነሣ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ መገኘት አለመገኘቱ ላይ ያመጣል። ላለመክፈት የወሰኑት ግን በዚያ አይመስለኝም። «አይከፈትም» ማለት ደግሞ «አይታከምም» ማለት አይደለም። ላይኛው ግፊቱ ወደ 140 አካባቢ ወርዶ እዚያው እንዲቆይ ያደርጋሉ። ትኩሳትና ስኳሩን ይከታተላሉ። ራስጌው ከፍ ይላል፣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል።

ላስታማሚዎቹ አንድ ነገር በስልክ ንገርልኝ፤ ከላክኸው ዶላር ይበልጣል። በደንብ ላልነቃ ሰው አጥሚት በማንኪያ አያጉርሱት። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወደ ሆዱ አይሄድም፣ ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። ከደሙ የዳነ ሰው በአጥሚት ሲሞት አይቻለሁ። መዋጥ መቻሉ እስኪታይ በአፍንጫው በገባው ቱቦ ይመገብ።

ግፊት እንዲህ የጣለው ወንድምህን ብቻ እንዳልሆነም እወቅ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ግፊታቸው ለዓመታት ይታወቅ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደህና መድኃኒት አልነበረም። እ.ኤ.አ. አፕሪል 12 ቀን 1945 ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥዕላቸው እየተሣለ ሳለ ማጅራታቸውን ክፉኛ እንዳመማቸው ተናግረው ወደቁ። ሐኪማቸው ሲለካ 300 በ190 ነበር። በዚያው ከሰዓት አረፉ። ዛሬ ያ መድኃኒት መንደር ፋርማሲ ውስጥ አለ። አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ? ወንድማማች ናችሁ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ መምህርት ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች «ራሴን በድንጋይ የመታኝ ማን ነው» ብላ ዞር አለች። ማይግሬን ነው ተብላ ማስታገሻ ተወጋች፤ ተሻላት። በአምስተኛው ቀን ወድቃ አረፈች። የደም ሥር ፈንድቶ ነው አሉ። ራስ ምታት ከራስ ምታት በምን ይለያል?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። በፍጥነቱ ይለያል። ተራ ራስ ምታት፣ ማይግሬንም ቢሆን፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ይህኛው በሰከንዶች ጣሪያ ይነካል። እሷ ራሷ ነግራቸዋለች፤ «የመታኝ ማን ነው» ብላ። ሐኪም ያልጠየቃት «ስንት ደቂቃ ወሰደበት?» የሚለውን ይመስለኛል። በማስታገሻ መሻሉም ምንም አያረጋግጥም።

ያረጀ ከመነዳሪ አንድ ቦታ ላይ እንደሚያብጠው፣ አንጎል ሥር ያለ የደም ሥርም ያብጥና አንድ ቀን ይቀደዳል። መጀመሪያ ይደማና ይቆማል። እንደገና የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ሁለተኛው ገዳይ ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካኑ በዚያው ቀን መነሣት አለበት። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ከተነሣ አያመልጥም ማለት ይቻላል፤ ቀናት ሲያልፉ ደሙ ስለሚደበዝዝ ከወገብ ውሃ ተቀድቶ መታየት አለበት።

መዝጊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጭንቅላቱን ከፍቶ በእብጠቱ አንገት ላይ ትንሽ ቆንጣጭ ብረት ማድረግ ነው፤ ዋልተር ዳንዲ ባልቲሞር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 የጀመረው። ሌላው ከብሽሽት በቱቦ ገብቶ እብጠቱን በቀጭን የፕላቲነም ሽቦ መሙላት ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። የትኛው እንደሚሻል በቦታውና በቅርጹ ይወሰናል። አገራችን ውስጥ ለሁለተኛው ገና እጃችን አጭር ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ደም ወጣለት። አንጎሉ ስላበጠ አጥንቱን አልመለስነውም አሉ። የት ነው ብንል ሆዱ ውስጥ አስቀምጠነዋል አሉን። እየቀለዱብን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁሉም ይህንኑ ይጠይቁኛል። አንጎል ሲያብጥ አጥንቱን ብንመልስበት ይታፈናል። ስለዚህ ክፍቱን እንተወውና ቆዳውን ብቻ እንሰፋዋለን። አጥንቱን በከፍተኛ ቅዝቃዜ የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ያላቸው ሆስፒታሎች እዚያ ያስቀምጡታል። የሌለን እኛ ከሆድ ቆዳ ሥር፣ ከስቡ መሃል ኪስ ሠርተን እናስገባዋለን። ከአንጀት ጋር አይገናኝም። የራሱ ሰውነት ንጹሕ አድርጎ ይጠብቅለታል። እብጠቱ ሲወርድ፣ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ተመልሶ ይገጠማል።

እስከዚያ በዚያ በኩል አይተኛ። ሲቆም ቦታው ቢሰረጉድ አትደንግጡ። ሞተር ሳይክል ላይ አይውጣ፤ ከቤት ሲወጣ ጠንካራ ቆብ ያድርግ። ከሆስፒታል ስትወጡ የመውጫ ወረቀቱ ላይ አጥንቱ በየትኛው የሆድ ጎን እንዳለ መጻፉን እዩ፤ ወረቀቱንም በስልክ ፎቶ አንሡት። አምና አንድ ልጅ ወረቀቱ ጠፍቶበት መጣ። የሆዱ ጠባሳም በፀጉር ተሸፍኗል። «ግራ ይመስለኛል» አለኝ። በጣቴ ስዳብስ ቀኝ ሆነ።